ጎነ አራት ምንድን ነው? ካሬስ ሬክታንግል ይባላል?

ለአንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ካሬ ሥላችሁ «ይህ ሬክታንግል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙውን ጊዜ «አይደለም፤ ካሬ ነው» የሚል መልስ ይሰጣችኋል። ወላጁ አጠገቡ ቢኖርም ይስማማል። ሁለቱም ቅርጹን አሳምረው ያውቁታል፤ የሳቱት ስሞቹ እንዴት እንደተደራረቡ ነው።

ጎነ አራት የሚባለው አራት ቀጥ ያሉ ጎኖች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው፣ እርስ በርስ ሳይቋረጡ የሚዘጉት ዝርግ ምስል ነው። ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ጎኖቹ ቢበላለጡም፣ አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ቢሰረጉድም ጎነ አራትነቱ አይቀርም። ማንኛውንም ጎነ አራት በአንድ መስመር ለሁለት ጎነ ሦስቶች መክፈል ይቻላል፤ የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ስለሆነ የጎነ አራት ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ሁልጊዜ 360 ዲግሪ ነው።

ስም የሚወጣው ቅድመ ሁኔታ ሲጨመር ነው። አንድ ጥንድ ትይዩ ጎኖች ካሉት ትራፒዚየም ይባላል። ሁለቱም ጥንዶች ትይዩ ከሆኑ ፓራለሎግራም ነው፤ ያኔ ተቃራኒ ጎኖቹም ተቃራኒ ማዕዘኖቹም የግድ እኩል ይሆናሉ። ከፓራለሎግራም በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ዲግሪ ይሁኑ ካልን ሬክታንግል፣ ጎኖቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ ካልን ሮምበስ እናገኛለን። ሁለቱን በአንድነት የሚያሟላው ካሬ ነው።

እንግዲህ ካሬ ሬክታንግልም ነው፣ ሮምበስም ነው፣ ፓራለሎግራምም ነው። ማኛ ምርጥ ስለሆነ ጤፍ አይደለም የሚል ገበያተኛ የለም። በግልባጩ ግን አይሠራም፤ 3 በ4 የሆነ ሬክታንግል ካሬ አይደለም።

ለተማሪው ፍርድ የሚያቀልለት ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የኖረው ግሪካዊው ኤውክሊድ ራሱ ካሬንና ሬክታንግልን ለያይቶ ነበር የተረጎማቸው፤ በእሱ ትርጉም ጎኖቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ምስል ሬክታንግል አይባልም። የዛሬው ሂሳብ ይህን የተወው ድካም ስለሚቀንስ ነው። ስለ ሬክታንግል አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ነገር ሁሉ ለካሬም ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይሠራል።

በመለየት ጊዜ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። ካሬን በአንድ ማዕዘኑ አቁሙት፤ ብዙ ልጆች ወዲያው ሮምበስ ብቻ ነው ይላሉ። የተለወጠው ግን አቀማመጡ እንጂ ጎኑም ማዕዘኑም አይደለም። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ የአዋቂዎቹ ይመስለኛል፤ ካሬን ሁልጊዜ መሬት ላይ እንደተዘረጋ ሳጥን እየሣልን ነው የምናሳያቸው።

ስለዚህ ከመልክ ይልቅ መለኪያ ማመን ይሻላል። የቤት መሠረት የሚያወጡ ግንበኞች ይህን በሲባጎና በችካል ይሠሩታል። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው እንበል። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ወጥተዋል፤ ይህ የሚያረጋግጠው ፓራለሎግራም መሆኑን ብቻ ነው። ቀጥሎ ሜትሩ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ይዘረጋል፤ ይህ መስመር ዲያጎናል ይባላል። ሁለቱም ዲያጎናሎች 5 ሜትር ከሆኑ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ናቸው፤ ክፍሉ ሬክታንግል ነው። አንዱ 5 ሜትር ከ20፣ ሌላው 4 ሜትር ከ79 ሳንቲም ገደማ ከመጣ ግን ጎኖቹ ሳይዛቡ ማዕዘኖቹ ወደ 85 እና 95 ዲግሪ ተንጋድደዋል። በዓይን ላይታወቅ ይችላል፤ የወለሉ ንጣፍ ሲደረደር ግን ይጋለጣል።

ዲያጎናሎቹ በምን ማዕዘን እንደሚቋረጡ ማየትም ይጠቅማል። በሮምበስ ውስጥ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ፤ አንዱ ሌላውን እኩል ለሁለት ይከፍላል። ካይት በሚባለው፣ ሁለት ሁለት ተጎራባች ጎኖቹ እኩል በሆኑት ምስልም በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ፤ እኩል ለሁለት መከፈሉ ግን ለአንደኛው ብቻ ነው የተረጋገጠው።

ጎኖቹን ትቶ የዲያጎናሎቹን እኩልነት ብቻ የሚያምን ሰውም ይጠንቀቅ። ሁለቱ ዘመም ያሉ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትራፒዚየምም እኩል ዲያጎናሎች አሉት።