የጥናት ጉባኤ ጥራት በምን ይለካል?

በብዙ የሙያ ዘርፎች ጥናት ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው ጆርናል ላይ ሲወጣ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ግን ትልልቅ ግኝቶች ብዙውን ጊዜ የሚወጡት በጉባኤ ነው። ስለዚህ ጉባኤን ደረጃ መስጠት ቅጥርንና የሥራ ዕድገትን ይነካል።

ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ከቀረቡት ጽሑፎች ስንቱ እንዳለፈ ነው። ከአምስት አንዱን ብቻ የሚቀበል ጉባኤ ይከበራል። ይህ ቁጥር ግን የሚነግረን ስንቱ እንደተጣለ ብቻ ነው። ደካማ ጽሑፍ በገፍ ከመጣ፣ ያለፉት ሳይሻሻሉ ጉባኤው «ጥብቅ» ይባላል።

ሌላው መንገድ ጥቅስ መቁጠር፣ ማለትም ሌሎች ጥናቶች ጽሑፉን ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት ማየት ነው። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ኤች5 የሚባል መለኪያ አለው። የአንድ ጉባኤ ኤች5 40 ነው ማለት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከወጡት ጽሑፎቹ 40ዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። ችግሩ ብዙ ጽሑፍ የሚያወጣ ትልቅ ጉባኤ በብዛቱ ብቻ መጠቀሙ ነው። ከአውስትራሊያ የተነሳው ኮር የሚባል የደረጃ ዝርዝር ደግሞ የኮምፒውተር ጉባኤዎችን ከኤ ስታር (ከፍተኛው) እስከ ሲ ይመድባል። ዩኒቨርሲቲዎች ይወዱታል፤ ፊደል ማየት ጽሑፉን ከማንበብ ይቀላላ!

ዋናው ጉዳይ ግን ባለሙያዎች ጽሑፎቹን መርምረው የሚያሳልፉበት ወይም የሚጥሉበት ግምገማ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኒፕስ (የዛሬው ኒውሪፕስ) የተባለው ታዋቂ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ 166 ጽሑፎችን ለሁለት የተለያዩ ገምጋሚ ኮሚቴዎች ሰጠ። ኮሚቴዎቹ ከአራት በአንዱ ጽሑፍ ግድም አልተስማሙም። የባሰው ደግሞ አንዱ ከተቀበላቸው ከግማሽ በላዩን ሌላው መጣሉ ነው። በጣም ደካማው ይለያል፤ ለቀረው ግን ዕድል ትልቅ ድርሻ አለው። በ2021 ሲደገምም ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም። እንግዲህ በታወቀ ጉባኤ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ጽሑፍ ወደቀ ተብሎ ተመራማሪውን መናቅ አይገባም። የወርልድ ዋይድ ዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1991 ስለ ፈጠራው የጻፈው እንኳ በሃይፐርቴክስት (እርስ በርስ በማያያዣ የተሳሰሩ ጽሑፎች) ጉባኤ እንደ ሙሉ ጽሑፍ አላለፈም፤ የተፈቀደለት ማሳያ ማቅረብ ብቻ ነበር። አንዳንድ ጉባኤዎች ከዓመታት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ጊዜ የፈተነውን ጽሑፍ የሚሸልሙት ለዚህ ነው። መለኪያው ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይታመናል።

ወርክሾፕን በዚህ ሁሉ መመዘን አያስኬድም። ያላለቀ ሐሳብ ይዞ የሚመጣበት ቦታ ስለሆነ ማጥበቁ ዓላማውን ያጠፋል። እዚያ የሚጠየቀው ማን መጣ፣ ለውይይት ስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ሐሳቡስ በኋላ ወደ ሙሉ ጥናት አደገ ወይ የሚለው ነው።

ከሁሉም በታች ገንዘብ ብቻ የሚሰበስቡ ጉባኤዎች አሉ። በ2005 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የገጣጠመውን ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ልከው አንድ ጉባኤ ተቀብሏቸዋል። እነዚህን ለመለየት ቀመር አያስፈልግም። የኮሚቴው አባላት በሙያው ይታወቃሉ? ገምጋሚዎቹ በጽሑፍ አስተያየት ይልካሉ? ወይስ ከምስጋና ጋር የክፍያ መጠየቂያ ብቻ ነው የሚመጣው?