«አልፋ» በግሪክኛ ምን ማለት ነው?

ከፊደሉ ስም በቀር ምንም። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው፤ ቃሉ ከመነሻውም የግሪክ አልነበረም። ግሪኮች ፊደልን የተማሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ዛሬ ሊባኖስ በምንለው የባሕር ዳርቻ ይነግዱ ከነበሩት ፊንቄያውያን ነው። በእነሱ ቋንቋ «አሌፍ» በሬ፣ «ቤት» ደግሞ ቤት ነው። አዎ፣ የእኛው ቤት! ግዕዝም የሴም ቋንቋ ነውና «አልፍ፣ ቤት፣ ገምል» ብሎ ይቆጥራል።

ግሪኮች ግን ዝም ብለው አልቀዱም። የፊንቄ ፊደል የሚጽፈው ተነባቢ ብቻ ነበር። እነሱ በቋንቋቸው የማይነገሩ ድምፆችን ምልክት ወስደው አናባቢ አደረጉት። ከጉሮሮ የሚወጣው አሌፍም አናባቢ ሆነ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ባለውለታቸውንም አልካዱም፤ የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚለው ፊደሎቹን «የፊንቄ» ብለው ይጠሯቸው ነበር።