ኮድ 2 እና ኮድ 3፦ ሰሌዳው ምን ይላል?

ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ቆም ብላችሁ የሚያልፉትን ተሳቢዎች ሰሌዳ እዩ። አረንጓዴ «3»፣ አጠገቡ ደግሞ «ኢት» ይላል። ብዙ ሰው ቁጥሩን የክልል መለያ ያደርገዋል። አይደለም! በነባሩ ሰሌዳ ክልሉን የሚነግረን ፊደሉ ነው፤ «አማ» አማራ፣ «አአ» አዲስ አበባ፤ «ኢት» ደግሞ ኢትዮጵያ፣ የአንድ ክልል ያልሆነ። ቁጥሩ፣ ማለትም ኮዱ፣ መኪናው ለምን ሥራ እንደተመዘገበ ይናገራል። ቀይ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ 2 የቤት መኪና፣ አረንጓዴ 3 የንግድ፣ ጥቁር 4 የመንግሥት። ስለዚህ ደሴ ላይ ባለ ሰማያዊ ሰሌዳ መኪና ሒሳብ እየተቀበለ ሰው ከጫነ፣ ከተመዘገበበት ሥራ ወጥቷል ማለት ነው። መኪና ልትገዙ ስትሉ ይህቺን ቁጥር አደራ፣ ቀድማችሁ እዩ። የሠርግ አበባ ስታስሩም ሰሌዳውን አትሸፍኑት፤ ቁጥሩ መነበብ አለበት።