ስናስቀድስ ልባችን የት ነው?

ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ብሎ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ሲያዝ፣ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን እንመልሳለን። ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው ማለታችን ነው። ይህን እያልን ሐሳባችን ካልታጨደው ጤፍ ወይም ካኮረፍነው ጎረቤት ጋር ከሆነ፣ በመቅደሱ ፊት ሐሰት ተናግረናል። ለአምልኮ ያለንን ልብ ለመመርመር ከዚህች ተሰጥኦ (ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ ከሚመልሰው መልስ) መጀመር ይበጃል።

እሑድ ልቡ የሚባዝን ሰው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ማታ ያልተዘጋጀ ነው። ቂም ካለ ጌታ በማቴዎስ 5፥23-24 እንዳዘዘው አስቀድሞ መታረቅ ያስፈልጋል። የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። የዕለቱን ምንባባት ከግጻዌ (የየዕለቱን ንባብ ከሚያመለክተው መጽሐፍ) አይቶ ቤት ማንበብም ትልቅ እገዛ ነው፦ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከዚያም ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ክፍል) እና ወንጌሉ። ምንባቡን ቀድሞ ያወቀ ሰው ዲያቆኑ ሲያነብ ይከተላል፤ ያላወቀ ግን እስኪያልቅ ይጠብቃል። ወንጌል ከተነበበ በኋላ መድረስና ደጁን ተሳልሞ ወደ ጉዳይ መሮጥም ማስቀደስ አይባልም።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ የራሳችን ፈተና አለን። በቅኔ ትምህርት ቤታቸው የታወቁት የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰዎች ነንና ጆሯችን ቅኔ ይወዳል። ቅኔ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ መውደዳችንም መልካም ነው። ነገር ግን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል ዝም ብሎ የቆመ ሰው፣ ቅኔ ሲዘረፍ ብቻ ነቅቶ «ይበል!» የሚል ከሆነ፣ ያደነቀው የባለቅኔውን ጥበብ እንጂ የሚመሰገነውን አምላክ አይደለም። ከቅዳሴ ወጥቶ ስለ ቀዳሹ ድምፅ ብቻ የሚያወራም ያው ነው።

ሐሳብ መባዘኑ ራሱ ንቀት አይደለም። ልጅ አዝላ የቆመች እናት ሐሳቧ ቢከፋፈል እግዚአብሔር ድካሟን ያያል። በሚልክያስ 1፥13 የተወቀሱት አምልኮውን ሸክም አድርገው የናቁት ናቸው። ስለዚህ ልብ ሲሸሽ በራስ ላይ በመናደድ ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ወደሚቀጥለው ተሰጥኦ መመለስ ይሻላል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» ብሎ በድምፅ መመለስ አሳብን ይሰበስባል። ግእዙ የሚከብደው ሰው ግእዝና አማርኛ ካለው መጽሐፈ ቅዳሴ በየሳምንቱ አንዲት ተሰጥኦ ከነትርጉሟ ይያዝ።

ብዙዎቻችን ቁርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ የተሰጠ ይመስል ዘወትር ቆመን አይተን እንመለሳለን። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ሰው ራሱን መርምሮ ይብላ ይጠጣ አለ እንጂ መርምሮ ከቁርባን ይራቅ አላለም። ራሱን መርምሮ ኃጢአት ያገኘ ሰው ለሚመጣው ዓመት አይቅጠር፤ በዚህ ሳምንት የንስሐ አባቱን ያነጋግርና የሚሰጡትን ቀኖና (ለንስሐ የሚታዘዘውን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት) ይጀምር።