«ካዋራሞኖ» ማን ነበር?

ስለ ጥንታዊቷ ጃፓን ሲነበብ «ካዋራሞኖ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ለቆዳ ፋቂ፣ ሌላ ጊዜ ለአትክልት ስፍራ አበጂ፣ ከዚያም ለቲያትር ተዋናይ ተሰጥቶ ስለሚገኝ አንባቢን ያደናግራል። በቁሙ ሲፈታ «የወንዝ ዳር ሰው» ማለት ነው፤ ጎርፍ በየጊዜው የሚያጥለቀልቀው ዳርቻ ግብር የማይከፈልበት በመሆኑ፣ መሬት አልባ የሆኑና በሥራቸው የተናቁ ሰዎች የሚሰፍሩት እዚያ ነበር።

ንቀቱ ግን ጥበባቸውን ከመሻት አላገደም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእነዚሁ ወገን የሆነው ዜንአሚ የሾጉኑን (የጦር ገዢውን) የአሺካጋ ዮሺማሳን የአትክልት ስፍራዎች ያበጅ ነበር። በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) ደግሞ «ካዋራሞኖ» የሚለው ስም ካቡኪ በተባለው ቲያትር ተዋንያን ላይ ተለጠፈ፤ ኖ የተባለው ድራማ የሳሙራዮች የክብር ሥርዓት ሲሆን ካቡኪ የከተሜው መዝናኛ ነበርና፣ ተዋንያኑ ከአራቱ መደቦች ማለትም ከጦረኛው፣ ከገበሬው፣ ከእጅ ባለሙያውና ከነጋዴው በታች ተቆጠሩ። የሚገርመው፣ እነዚሁ የተናቁ ሰዎች ምስላቸው በእንጨት ኅትመት እየተባዛ ይቸበቸብ ነበር፤ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወት የነበረው ሁለተኛው ሰጋዋ ኪኩኖጆ የለበሰው ቡናማ ቀለም እንኳ ሮኮ በተባለው የብዕር ስሙ «ሮኮ ቻ» ተብሎ የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ሴቶች ፋሽን ሆኗል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ደንብ ተዋናይ ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን በሰፊ ባርኔጣ እንዲሸፍን አስገድዶ ነበር። በመጨረሻ ግን እ.ኤ.አ. በ1887 ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ራሳቸው ይህንኑ የተናቀ ካቡኪ ተቀምጠው ተመለከቱ።