ልደት ከቤት ውጭ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የቤተሰብ ልደት አከባበር

በአዲስ አበባ ልደት ለረጅም ጊዜ የሕፃናት ጉዳይ ነበር። ሳሎን ውስጥ ፊኛ ይሰቀላል፤ ፋንዲሻና ከረሜላ ይቀርባል፤ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ። አዋቂው ጥግ ይዞ ቡናውን ይጠጣል። ከሁሉም የሚደምቀው የአንደኛ ዓመት ልደት ነው፤ ባለልደቱ ግን ምንም አያስታውስም። አሁን ከዚህ ጎን ሌላ ዓይነት አከባበር እየተለመደ መጥቷል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አንዳንዴም ቅድመ አያት ጭምር በአንድ መኪና ተጭነው ወደ ከተማዋ ዳር ይወጣሉ። እንጦጦ፣ ጉለሌ፣ ሱሉልታ፣ ቢሾፍቱ። ሻማው የሚለኮሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የወሩ ልደተኞች ሁሉ ተደምረው አብረው ይከበርላቸዋል።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ቢመስልም አካሄዱን ልብ ብሎ ላየው ብዙው የቆየ ነው። ኬኩና ዘፈኑ አዲስ ናቸው። መዋጮው፣ ተራው፣ ምርቃቱ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መብላቱ ግን ከማኅበርና ከግንቦት ልደታ የተወረሰ ነው።

የትውልድ ቀን የሌላቸው ባለልደቶች

ዛሬ ስልሳ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ብዙ ሰዎች የተወለዱበትን ቀን በትክክል አያውቁም። ዓመቱ የሚታወቀው በድርጊት ነው። «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ደረቴ ላይ ነበርክ» ትላለች እናት፤ 1953 ማለቷ ነው። ቀኑ ደግሞ በታቦት ይያዛል። በ12 የተወለደ የሚካኤል ነው፣ በ19 የገብርኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ። ወሩ ቢረሳም ታቦቱ አይረሳም። የልደት ምዝገባ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጎ ነበር፤ በሥራ ላይ ሳይውል ግን አሥርት ዓመታት አለፉ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው።

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ትልቁ የልጅ ድግስ ክርስትናው ነበር፤ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ። በሙስሊም ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ «ዛሬ ተወለድኩ» ብሎ ሰው መጥራት አልነበረም። አዛውንቶቹ ልጅ ሳሉ ሲከበር ያዩት ልደት የጃንሆይ ነው። ሐምሌ 16 በንጉሡ ዘመን የመንግሥት በዓል ነበር።

ስለዚህ የልጅ ልጆች ለአያታቸው ልደት ላክብርልሽ ሲሉ መጀመሪያ ቀን መፈለግ አለባቸው። አንዳንዱ ቤተሰብ ከፓስፖርት ላይ ያነባል። እዚያ ላይ ግን በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው መብዛቱ ያስቃል፤ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ቅጹ እንዲሁ ስለሚሞላ ነው። ሌላው የታቦቱን ቀን ይይዝና አየሩ የሚመች ወር ይመርጣል። ይህኛው የተሻለ ይመስለኛል። አያትየዋ ቢያንስ ቀኑን የራሷ አድርጋ ትቀበለዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመጣለች፤ ከዚያ ለኬኩ ትደርሳለች።

የቀን ጣጣው ለወጣቱም አልቀረለትም። በሁለት ዘመን አቆጣጠር የሚኖር ሰው ሁለት ልደት አለው። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ሁለቱ ቀኖች በአንድ ይንሸራተታሉ። ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰው ቀኑን የሚያገኘው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ለቤተሰብ ጉዞ ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቅም። ዞሮ ዞሮ የሚወጣው እሑድ ነው።

ግንቦት ልደታ

ልደትን ከቤት ወጥቶ ማክበር ለአገሩ አዲስ አለመሆኑን ግንቦት 1 ያሳያል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን የተወለደችው ሐናና ኢያቄም ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ነው። በዚህ ምክንያት ልደታ የሚከበረው ደጅ ነው። የሰፈር ሴቶች አዋጥተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ዳቦ ይጋገራል፤ ቡናው ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ይፈላል። በዕለቱ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ተጠርቶ ንፍሮ ይዘገንለታል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በሁለት ብሎኮች መካከል ባለች ክፍት ቦታ ሲከበር ይታያል።

የቤተሰብ ጉዞ ልደት ከዚህ በቀጥታ ተቀድቷል ማለት አይቻልም። ግን አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ሣር ላይ ጋቢ ተነጥፎ፣ ዳቦና ቡና ቀርቦ ልደት ሲባል ግር የማይላት ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ግር የሚላት ሻማው ነው።

ቤተሰብ ሲበተን

ጉዞውን የፈጠረው ትልቁ ምክንያት መኖሪያ ነው። የአራት ኪሎ፣ የካዛንቺስ ወይም የመርካቶ አሮጌ ግቢ ሦስት ትውልድ ይይዝ ነበር። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋን ወደ ዳር ለጠጣት። አንዱ ልጅ ጀሞ ደረሰው፤ ሌላዋ የካ አባዶ፤ ታናሹ ቦሌ አራብሳ ወይም ቱሉ ዲምቱ ተከራየ። አቅም ያለው ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ሠራ። አያቶቹ መሐል ከተማ ቀሩ፣ ወይም እነሱም ተነሡ። አሁን ባለአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሃያ አምስት ሰው ማስገባት አይቻልም። ቢቻል እንኳ አራተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር ጉልበት ለሚያመው ሰው ቅጣት ነው።

ቤቱ ጠበበ፤ ዳሩ ግን ቀረበ። ከአያት ሰፈር ወይም ከጀሞ ለተነሣ ሰው ፒያሳ ከመግባት ከከተማ መውጣት ይቀለዋል።

የት ይኬዳል

እንጦጦ ለትውልዶች ድብልቅ የተሠራ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ተራራ ላይ ጠበል አለ፣ ታሪክ አለ፣ መጫወቻ አለ። አያቶች በጠዋት እንጦጦ ማርያምን ወይም ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማሉ። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዘውድ የደፉባት ቤተ ክርስቲያን ናት። አሮጌው ቤተ መንግሥትም ከአጠገቧ ስላለ አባት ለልጁ የሚያሳየው አያጣም። ልጆቹ የሚጓጉለት ደግሞ በ2013 መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ነው፤ ፈረስ፣ ዚፕላይን፣ ጎካርት፣ የእግር መንገድ። አንድ ጉዳይ ግን አይረሳ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ብርዱ አጥንት ይነካል፤ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ሰው ዳገቱ ይከብዳል። ጋቢ የማይያዝበት የእንጦጦ ልደት በጊዜ ይበተናል።

ጸጥታ የሚፈልግ ቤተሰብ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሄዳል። በ2002 በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። ግርግር የለበትም። ልጅ በእግሩ ይሮጣል፤ አያት የኮሶ፣ የወይራና የጽድ ዛፍ እያሳየች የድሮ መድኃኒት ታስተምራለች። እዚያ የልጅ ልጆች ጠያቂ፣ አያቶች መላሽ የሚሆኑበት ጊዜ ይበዛል። በየቤቱ ይህ ተገልብጦ «ስልኩን እንዴት ነው የምከፍተው?» የምትለው አያት ስለሆነች ለውጡ ደስ ይላል።

ሱሉልታ ለሜዳው ይመረጣል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳ በመስከረም አረንጓዴና ቢጫ ይሆናል፤ ክረምት ግን ውሃ ይተኛበታል። መናገሻ ሱባ ጫካ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጽድ እንዲተከልበት ታዞ ነበር ይባላል። ዛፎቹ ያስደምማሉ፤ ዝናብ ከጣለ ግን ሽማግሌ ይዞ መሄድ አይመከርም።

ቢሾፍቱ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ቢያንስ በሰው ብዛት። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከአዲስ አበባም ዝቅ ስለምትል ሞቃት ናት። ሆራንና ባቦጋያን ጨምሮ ብዙዎቹ ሐይቆቿ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ልጆች ይዋኛሉ፣ ወጣቱ ጀልባ ይይዛል፣ አዛውንቱ ጥላ ሥር ሆኖ ውሃውን ያያል። ማንም ለማንም ብሎ አይሰለችም። የሆራ ሐርሰዲ ዳር የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻ የሚያከብርበት የተከበረ ስፍራ ስለሆነ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለልደት ወደዚያ መውጣት አይታሰብም። ከተማዋ በሕዝብ ትሞላለች፤ ቀኑም የራሱ በዓል ነው።

ሥርዓቱ

ብዙ ቤተሰብ የቤተሰብ ማኅበር አለው። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ተራ የደረሰው ያስተናግዳል፤ ሰብሳቢ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ለቀረ ቅጣት አለ። የልደት ጉዞ በዚሁ መስመር ይሄዳል። በቴሌግራም ግሩፕ ቀን ይቆረጣል፤ መዋጮ በነፍስ ወከፍ ወይም በቤት ይመደባል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ሚኒባሱን ወይም ኮስተሩን ይችላል። በምላሹ ኬክ ሲቆረስ በቪዲዮ ይገባል። ኬኩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት የማይነካውም በእሱ ምክንያት ነው፤ በዋሽንግተን ገና ማለዳ ነውና።

ጋቢናው የአያት ነው። ስለዚህ ክርክር የለም። ኬኩ ደግሞ ጭን ላይ ይያዛል፤ ከኋላ የተጫነ ኬክ ቢሾፍቱ ሲደርስ የማን ስም እንደተጻፈበት አይታወቅም። ድፎ ዳቦ በዚህ በኩል ጌታ ነው። የትም ይወረወር፣ ቅርጹ አይለወጥም።

ምግቡ ላይ ብዙ ይታሰባል። ሪዞርትና ሆቴል በብዛት ከውጭ ምግብ ማስገባት ስለማይፈቅዱ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ሜዳ የሚወጣ ቤተሰብ ዶሮውን፣ ክትፎውን፣ ቋንጣ ፍርፍሩን በሳሕን ቋጥሮ ይወጣል። ክርስቲያንና ሙስሊም የተጋባበት ቤተሰብ በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለም፤ ሥጋው ለየብቻ ይሆናል። ሁለት ድስት ይያዛል፣ ወይም ሁሉም ዓሣና በያይነቱ ይበላል። ቢሾፍቱ ላይ ዓሣው የተሻለው መላ ነው። ማንም ከማን ገበታ አይለይም።

ቁም ነገሩ ያለው ከኬኩ በፊት ነው። ሁሉም ይነሣል። የቤቱ ታላቅ ይመርቃል። «እደጉ፣ ተመንደጉ፣ ክፉ አይንካችሁ፤ የዓመት ሰው ይበለን።» «አሜን!» ምርቃቱ ለባለልደቱ ይጀመርና ውጭ ላሉት፣ ለታመመው፣ ሥራ ላጣው፣ ላላገባችው ይደርሳል። ላላገባችው ሲደርስ ልጆች ይሳሳቃሉ። በፕሮቴስታንት ቤተሰብ በምርቃቱ ፋንታ ጸሎትና መዝሙር ይረዝማል። ቀጥሎ «ሃፒ በርዝደይ» በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም «መልካም ልደት» በአማርኛ። ባለልደቱ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለራሱ አያደርግም። ለታላላቆቹ ያጎርሳል፤ በዕድሜ ቅደም ተከተል።

ስንት ዓመት ሞላሽ ተብሎ የሚጠየቀው ሕፃን ብቻ ነው። ለአያቶች በቁጥር የተሠራ ሻማ መግዛት በተለይ ለሴቶቹ አደገኛ ነው። አስተዋይ ቤተሰብ አንድ ሻማ ይተክላል።

የሚያስቀይረው ነገር

ጾም የመጀመሪያው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ይዘልቃል። በእነዚህ ጊዜያት የተወለደ ልጅ ልደቱ ከፋሲካ ወይም ከገና በኋላ ይሸጋገራል፤ ካልሆነም ያለ ወተትና እንቁላል የተሠራ የጾም ኬክ ይታዘዛል። የጾም ኬክ ከድሮው ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ልጆችን አያታልልም። በረመዳን ደግሞ ጉዞው ወደ ዒድ ይገፋል።

ሁለተኛው ለቅሶ ነው። በእድሩ ሰው ከሞተ፣ ሚኒባሱ ተይዞ፣ ቀብድ ተከፍሎም ቢሆን ይቀራል። ኬኩ ተሠርቶ ካለቀ ለልጆቹ ቤት ውስጥ ያለ ዘፈን ይቆረሳል። ሦስተኛው ሠርግ ነው፤ በጥር፣ በሚያዝያና በግንቦት የመናፈሻው ጥሩ ጥሩ ቦታ በሙሽራ ፎቶ ይያዛል።

ክረምቱ ራሱን ችሎ ይወስናል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ የሚወለዱ ልጆች በዚህ አከባበር ተበዳዮች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ሦስቱን ወር አጠራቅሞ በመስከረም አንድ ትልቅ ጉዞ ያደርጋል፤ አምስት ስድስት ስም በአንድ ኬክ ላይ ይጻፋል። ልጆቹ ይህን አይወዱትም። አያቶች ግን ከዓመቱ ጉዞዎች ሁሉ እሱን ያስበልጣሉ፤ አበባው አለ፣ አዲስ ዓመት ነው፣ ሁሉም ይመጣል።

መመለሻው በጊዜ ይሁን። አባቶች ዱከም ላይ ለቁርጥ ካልቆምን ብለው አንድ ሰዓት ይበላሉ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። እሑድ ማታ ደግሞ ከቢሾፍቱ በፈጣን መንገዱ የሚመለሰው ሁሉ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ላይ ይሰለፋል። ከ11 ሰዓት በፊት የተነሣ ቤተሰብ ሳይጨልም ይገባል።