ታይፕ በሶፍትዌር መልመድ፦ ሜቪስ ቢከንና የአማርኛ ኪቦርድ

ኪቦርዱን ሳያዩ በአስሩም ጣት መጻፍ፣ በኛ ሰፈር ቋንቋ «ታይፕ መቻል»፣ ዱሮ የሚለመደው በጽሕፈት መኪና ነበር፣ አሁን በሶፍትዌር ነው። ዘዴው ከሶፍትዌሩ በጣም ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ፍራንክ መጉሪን የሚባል አሜሪካዊ ሲንሲናቲ ላይ ቁልፎቹን ሳያይ ጽፎ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው ወሬው የተሰማው፣ ጀማሪው እሱ ነው የሚሉም አሉ ግን ያከራክራል። በኛ በኩል የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው፣ ይገባቸዋልም። ጣት ማሰልጠኑን ደግሞ የአዲስ አበባውን የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስን የሚያህል አልነበረም፣ የስንቱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከዚያ ነው የወጣችው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ሜቪስ ቢከን የምትባል የታይፕ ማስተማሪያ ፕሮግራም መጣች። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ሶፍትዌር ቱልዎርክስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ብዙ ሰው እስካሁን ሜቪስን በሕይወት ያለች አስተማሪ አድርጎ ነው የሚያስባት፣ እኔም «ቲቸር ሜቪስ» እያልኩ ነው የጨረስኩት። የለችም እኮ! ስሟ የተፈጠረ ነው፣ የመጀመሪያው ሽፋን ላይ የነበረችው ሬኔ ሌስፔራንስ የምትባል የሄይቲ ተወላጅ ሞዴል ናት። ጥቁር ሴት የሶፍትዌር ካርቶን ላይ መታየቷ ያን ጊዜ ብርቅ ስለነበር ለመሸጥ ያቅማሙ ሱቆች ነበሩ ይባላል፣ እሷ ግን ስንቱን አስተማረች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግራ እጅ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ላይ ያርፋል፣ ቀኝ እጅ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ሴሚኮለን ላይ፣ አውራ ጣት ስፔስ ላይ። ኤፍና ጄ ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳትመስላችሁ፣ አመልካች ጣት ሳያይ ቤቱን የሚያገኘው በሷ ነው። ፕሮግራሙ የትኛው ጣት የቱን እንደሚነካ በሥዕል ያሳያል፣ የሚያስቸግራችሁን ፊደል እየለየ ይደጋግምላችኋል፣ ሲሰለቻችሁ የመኪና ውድድር ጨዋታ አለ። እኔ የተማርኩበት ቤት አስተማሪው እጃችን ላይ ጋዜጣ ያለብሱን ነበር፣ ከሥር አንገታችንን አጣመን ስናይ ደግሞ በማስመሪያ ጠረጴዛውን ይመቱታል።

ፍጥነት የሚለካው በደቂቃ በሚጻፍ ቃል ነው፣ አንድ ቃል ማለት ደግሞ ስፔስን ጨምሮ 5 ምት ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ልምምዱ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ኪማን በሚባለው ፕሮግራም፣ የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየመታችሁ በምትጽፉበት ኪቦርድ፣ «ሰላም» ለመጻፍ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ትመታላችሁ፣ 5 ምት ለ3 ፊደል፤ በምት ከቆጠራችሁት አንድ ሙሉ ቃል ነው፣ በፊደል ከቆጠራችሁት ገና ግማሽ ምናምን ነው። ሳድስ ግን ያድናል፣ «ም» አንድ ምት ብቻ ናት። ጠ፣ ጨ፣ ኘ፣ ጰ በሺፍት ስለሚመጡ ትንሿ ጣት እንግሊዝኛ ከሚጽፈው ሰው ይበልጥ ትደክማለች፣ «ጣጣ» ብላችሁ ሞክሩት። ሺፍቱን ከፊደሉ ተቃራኒ ባለው እጅ መያዝ ነው ደንቡ፣ እኛ የተማርንበት ቤት ግን ሁሉም በግራው ብቻ ነበር የሚይዘው፣ እኔም እስከዛሬ ጠን የምጽፈው እንደዛው ነው።